የመከታ ልክፍት

አመተ ሥላሴ ጎንበስ ብላ በግራ እጇ የጨበጠችውን ሩዝ በማጭድ ልትቆርጥ ስትል ውሻዋ መከታ የቀሚሷን ጫፍ ነክሶ ወደ ኋላ ጎተታት። ሚዛኗን ስታ እርጥቡ መሬት ላይ በጉልበቷ ወደቀች።

“ዞር በል አንተ” አለችና በማጭዱ እጀታ አፍንጫውን መታ አደረገችው።

መከታ ቀሚሱን ለቀቀ እንጂ አልሄደም። በግራ ጎኗ ዞሮ መጣና አፍንጫውን ብብቷ ሥር ከቶ በረጅሙ አሸተተ። ከዚያ ዓይኑን እንዳልገለጠ ቡችላ ያለቅስ ጀመር።

በወንፈል አብራት የምታጭደው ጎረቤቷ ሸዋነሽ ቀና ብላ ወገቧን ያዘች።

“አመተ፣ ይኼ ውሻ ደህና አይደለም።”

“አርጅቶ ነው።”

“አርጅቶ ቢሆን ይተኛ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አንቺን ብቻ ሲከተል እያየሁት ነው። ትናንት ያቀረብሽለትን እንኳ አልነካውም።”

ሸዋነሽ ያየችውን አመተ ሥላሴም አይታዋለች።

መከታ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። የአፉ ዙሪያ ሸብቷል፤ የቀኝ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። የቁሐር ሚካኤል ሰው የሚያውቀው ከሩዝ ክምር ሥር ተኝቶ ከብትም ሰውም ሳያስጠጋ ነው። ለሰው ጅራቱን ሲቆላ የታየበት ቀን የለም። ባለቤቷ መሪጌታ ማርቆስ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እንኳ አንዴ ቀና ብሎ አይቷቸው ተመልሶ ይተኛል። እንዲህ ያለው ውሻ ነው፣ የኅዳር ሚካኤል በተከበረ ማግሥት ከተኛበት ተነሥቶ፣ ደጅ ተቀምጣ ልብስ ስታጥብ የመጣባት። ደረቷን አሸተተ። ገፋችው፤ ተመልሶ መጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክምሩን ትቶ እሷን ያዘ። ውሃ ስትወርድ ይከተላታል። ስትቀመጥ በግራ ጎኗ ይቆማል። በር ስትዘጋበት ደጁን እየቧጠጠ ያለቅሳል።

እኩለ ቀን ላይ አጫጆቹ ሊያርፉ ከማሳው ዳር ካለችው ዋንዛ ሥር ተሰበሰቡ። አመተ ሥላሴ በቀኝ ጎኗ ጋደም ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ድካሙ ወዲያው ወሰዳት።

የነቃችው ደረቷ ላይ በተጫነ ክብደት ነው። መከታ በሁለት የፊት እግሮቹ ግራ ጡቷን ይቆፍራል፤ ከመሬት ውስጥ የተቀበረ ነገር እንደሚያወጣ ውሻ አጥብቆ፣ ሳያርፍ ይቆፍራል። ቀሚሷ ተተርትሯል። ገፍታ ስትጥለው የጥፍሩ ሰንበር ደም አዝሎ ደረቷ ላይ ተጋደመ።

ሸዋነሽ ጮኸች። ባሏ አድማሴና ሌሎች ሁለት ሰዎች ዱላ ይዘው ሮጡ። ውሻው ግን አልሸሸም። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመና አመተ ሥላሴን ያያት ጀመር።

“ልክፍት ነው” አለ አድማሴ። “ከማዶ የሞተውን የሰውመሆንን ልጅ ረሳችሁት?”

ማንም አልረሳውም። የሰውመሆን ልጅ ጎልማሳ ነበር። ውሻ ነከሰው፤ ቁስሉ ዳነ፤ እሱም ረሳው። ከወራት በኋላ ውሃ ሲያቀርቡለት እየተንቀጠቀጠ፣ የገዛ እናቱን እየሸሸ በአራት ቀን ውስጥ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሰው የተተናኮለ ውሻ በቀበሌው ውስጥ ሁለት ቀን ሳያድር ይገደላል።

መሪጌታ ማርቆስ ጩኸቱን ሰምተው ከቤት መጡ። የሚስታቸውን የተቀደደ ቀሚስና ደሙን ሲያዩ ምንም አልጠየቁም። ከአድማሴ እጅ ዱላውን ተቀበሉ።

“የኔ ውሻ ነው። እኔው ልጨርሰው።”

ዱላውን አነሡ። ዱላ ሲያይ ከሩቅ የሚያጉረመርመው መከታ አሁን ቀና ብሎም አላየው። ዓይኑ አመተ ሥላሴ በመዳፏ የሸፈነችው ግራ ደረቷ ላይ ነው። ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተለጥፈዋል። በጉሮሮው በቀጭኑ ያለቅሳል። የመሪጌታ እጅ ከአየር ላይ ቀረ።

“ምን ይጠብቃሉ፣ መሪጌታ?” አለ አድማሴ።

“እየው እስቲ። ያበደ ውሻ እንዲህ ያያል?”

“ምኑን ያያል?”

“እሷን። እኔ የለሁም ለሱ። ዱላውም የለም።”

ሁሉም አዩ። መሪጌታ ዱላውን ቀስ አድርገው አወረዱና “ባየህን ጥሩት” አሉ።

ባየህ የቀበሌው የእንስሳት ሐኪም ነው። ስልክ ተደውሎለት በሞተር ብስክሌት መጣ። ውሻው አጠገብ አልደረሰም፤ በጣሳ ውሃ አስቀምጦ ራቅ አለ። መከታ ውሃውን እስከ መጨረሻው ላሰው። ባየህ መንጋጋውን፣ አረማመዱን፣ ምራቁን እያየ ብዙ ቆየ።

“ያበደ ውሻ አይመስልም” አለ። “ግን በዚህ ብቻ አልምልም። በሰንሰለት ታስሮ አሥር ቀን ይቆይ። ልክፍት ከሆነ በአሥሩ ቀን ውስጥ ይለይለታል። እርስዎ ግን እትዬ አመተ፣ ጭረቱን አሁኑኑ በሳሙናና በውሃ ደጋግመው ይጠቡና ወረታ ይሂዱ። ነገ የሚባል ነገር የለም።”

“ሩዙስ? ደርቆ ሊራገፍ ነው” አለች አመተ ሥላሴ።

“ሩዙን እኛ እናጭደዋለን” አለች ሸዋነሽ። “አንቺ ሂጂ።”

ወረታ ጤና ጣቢያ የተቀበለቻቸው ነርስ ሲስተር ብርክቲ ትባላለች። ገና ወጣት ናት፤ እጇ ግን እርጋታ አለው። መሪጌታ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀሩ።

ሲስተር ብርክቲ ጭረቱን እንደገና አጠበችው። ሦስት ሰንበር ነው፤ ጥልቀት የለውም። በጨርቅ እያደረቀች ሳለ ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ተመልሳ ነካችው። በሦስት ጣቷ በዙሪያው ቀስ እያለች ዳሰሰች።

“እናቴ፣ እዚህ ጋ ሲነካ ያምዎታል?”

“አያመኝም።”

“ይኼን እብጠት መቼ ነው ያዩት?”

“የቱን እብጠት?”

ነርሷ የአመተ ሥላሴን እጅ ይዛ ጣቷን ቦታው ላይ አሳረፈችላት። መጀመሪያ ምንም አልተሰማትም። ጫን ስታደርገው ግን ከሥጋው በታች፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከሽምብራ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ጠንካራ ነገር አገኘች። የገዛ ገላዋ ነው፤ ግን የሷ አልመስል አላት።

“ውሻው ሲቧጥጠኝ ያበጠ ነው?”

“አይደለም። የዛሬ ጭረት እንዲህ አያደርግም። ይኼ የሰነበተ ነው።” ሲስተር ብርክቲ ጓንቷን ሳታወልቅ ቆመች። “ውሻው እንዴት እንዳደረገዎት እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።”

አመተ ሥላሴ ከሚካኤል ማግሥት ጀምራ ነገረቻት። ልብስ ስታጥብ የመጣባትን፣ በሩን የቧጠጠውን፣ ቀሚሷን ይዞ የጎተታትን።

“ሌላ ሰው አሽትቷል?”

“ማንንም።”

“ቀኝዎንስ?”

“ወደ ቀኜ ዞሮ አያውቅም። ሁልጊዜ በግራ ነው የሚመጣው።”

ሲስተር ብርክቲ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ለትንሽ ጊዜ ሐኪምም በሽተኛም አልነበሩም፤ ሁለቱም አንድ የማያውቁት ነገር ፊት የተቀመጡ ሴቶች ነበሩ።

“ኮሌጅ እያለን አንድ መምህር ነግሮን ነበር” አለች ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “አንዳንድ ውሻ እንዲህ ያለ በሽታ ገና ሳይታወቅ ያሸታል ብሎ። የሠለጠነ የፈረንጅ ውሻ ነው ብዬ ነበር እኔ። የሩዝ ክምር የሚጠብቅ ውሻ ያሸታል ብል ማን ያምነኛል?”

“እንዲህ ያለ በሽታ ማለት ምን ዓይነት ነው ልጄ?”

“ሳይመረመር ስም አይሰጠውም። ምንም ላይሆንም ይችላል። ግን ባሕር ዳር ሪፈር እጽፍልዎታለሁ። አጨዳው ይለቅ እንዳይሉኝ።”

አመተ ሥላሴ ልክ ይህንኑ ልትል ነበር።

የእብድ ውሻ ክትባቷን ክንዷ ላይ ተወግታ፣ የቀጠሮ ካርዷንና የሪፈሩን ወረቀት ይዛ ስትወጣ መሪጌታ ተነሡ።

“ከተቡሽ?”

“ተከተብኩ። ሌላም ነገር አለ። ውሻው በቧጠጠኝ ቦታ ላይ እብጠት ተገኘ። ከድሮ የነበረ ነው አለችኝ። ውስጥ ነው። ዓይን አያየውም፣ እጅም ካልፈለገ አያገኘው።”

መሪጌታ ወዲያው አልገባቸውም። ደግማ ነገረቻቸው። ሲገባቸው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። የጎንደር አውቶቡስ አቧራውን እያስነሣ አለፈ።

“ዱላ አንሥቼበት ነበር” አሉ።

ቁሐር ሲደርሱ በቀጥታ ወደ ውሻው ሄዱ።

መከታ ከቤቱ ጓሮ ከባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ታሰረ። አመተ ሥላሴ እንዳትጠጋው ታዘዘች። በሩቁ ስታልፍ ሰንሰለቱ እስኪወጠር ድረስ ይነሣና በዚያው በግራ ጎኗ በኩል እያየ ያለቅሳል። ሌላ ሰው ሲያልፍ ግን ቀናም አይልም። ምግቡን መሪጌታ በረጅም እንጨት እየገፉ ይሰጡት ነበር። በአምስተኛው ቀን ባሕር ዳር ሄደው በአልትራሳውንድ ታየች፤ በመርፌም ናሙና ተወሰደላት። በአሥረኛው ቀን ባየህ መጥቶ ውሻውን ፊት ለፊቱ ተቀምጦ አየው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሰው ያውቃል። ሰንሰለቱን በገዛ እጁ ፈታለት።

ውጤቱ የተነገራቸው ናሙናው በተወሰደ በሳምንቱ ነው። ካንሰር ነው፤ ገና ግን አልተሠራጨም። የባሕር ዳሩ ሐኪም ብዙ ታማሚ ያየ ጎልማሳ ሰው ነበር። ወረቀቱ ላይ እየጻፈ ሳለ ቀና አለ።

“እንዴት ነው እንዲህ ቶሎ ያገኛችሁት? ከገጠር የሚመጡልኝ ሴቶች ቁስል ከሆነ በኋላ ነው የሚመጡት።”

አመተ ሥላሴ አፍራ ወደ ባሏ ዞረች።

“እኛ አላገኘነውም” አሉ መሪጌታ። “ውሻችን ነው።”

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ከመጀመሪያው እንዲነግሩት ጠየቀ። መሪጌታ እያንዳንዱን ቀን በተራ ነገሩት፤ ያነሡትን ዱላ እንኳ አልደበቁም። ሲጨርሱ ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ሁለት ባልደረቦቹን ጠራና “እስቲ አንዴ ድገሙላቸው” አላቸው። ሦስት ነጭ ጋውን የለበሱ ሰዎች ቆመው የአንድ የፎገራ ውሻ ታሪክ አዳመጡ። ከሦስቱ አንዱም አልሳቀም። ቀዶ ጥገናው ለታኅሣሥ መጨረሻ ተቀጠረ።

ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ከሰዓት በኋላ፣ አመተ ሥላሴ ከጓሮ የሰው ድምፅ ሰማች። መሪጌታ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። መከታ እግራቸው ሥር ተጋድሞ አጥንት ይግጣል። የነቢያት ጾም ስለሆነ አጥንቱ ከየት እንደመጣ ገረማት።

“አርባ ዓመት መጽሐፍ አገላብጫለሁ” ይሉታል። “ዜማ ተምሬ ዜማ አስተምሬያለሁ። ከሷ ጋር አንድ መደብ ላይ ስንተኛ ሃያ ስምንት ዓመታችን ነው። ልብሷን አውቃለሁ፣ ሳሏን አውቃለሁ፣ ሌሊት ስትገላበጥ አውቃለሁ። እኔ ያላነበብኩትን አንተ በምን ዓይንህ አነበብከው?”

ውሻው አጥንቱን ማዞሩን አልተወም።

“ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?” አለች አመተ ሥላሴ።

መሪጌታ አልደነገጡም።

“ከመምህሬ ጋር።”

ልትስቅ ፈለገች፤ ፊታቸውን ስታይ ግን ተወችው። አልቀለዱም። በመጽሐፍ ፊት ሲቀመጡ የሚታይባቸው ዝምታ አሁን በፊታቸው ላይ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጠች። መከታ አጥንቱን ትቶ ተነሣ፣ ግራ ጎኗን አሸተተ፣ ለአፍታ አለቀሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልገፋችውም። እጇን ራሱ ላይ አኑራ “አውቄያለሁ” አለችው። “ሰምቻለሁ።”

ቀዶ ጥገናው ደህና አለፈ። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ ደረቷ ታሽጎ፣ ግራ እጇን ወደ ሰውነቷ አስጠግታ ወደ ቁሐር ተመለሰች። የሚወሰድ መድኃኒት ገና ብዙ ይቀራታል። ሐኪሙ ግን “አውጥተነዋል፤ ጠርዙም ንጹሕ ነው” ብሏታል። ቃሉን ሰምታለች፤ አምናዋለች ለማለት ግን ያስቸግራል። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ስንት ቀን የፈራችው ወደ ቤት የምትመለስበትን ይችን ሰዓት ነበር።

መከታ ከጭድ ክምሩ ሥር ተነሣ። እርጅናው በእነዚህ ሳምንታት ጨምሮበታል፤ የኋላ እግሮቹ ይጎተታሉ። መጥቶ ፊቷ ቆመ። አመተ ሥላሴ ቀስ ብላ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ቁመቱ እንዲደርስላት። መሪጌታ ከኋላዋ ቆሙ። ሊጠይቃት የመጣ ጎረቤት ሁሉ ከበው ያያሉ።

ውሻው አፍንጫውን ወደ ግራ ብብቷ አቀረበ። በፋሻው ዳር ዳር ሄደ። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ሳይቸኩል። ወደ ቀኝ ዞረ፤ ቀኟንም አሸተተ። ከዚያ በአፍንጫው አንድ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ፤ ዞረ፤ እግሩን እየጎተተ ወደ ክምሩ ተመለሰና አገጩን መሬት ላይ አድርጎ ተኛ። አላለቀሰም።

መሪጌታ አማተቡ። አድማሴ ኮፍያውን አወለቀ። ሐኪሙ ‘አውጥተነዋል’ ሲላት ያላለቀሰችው አመተ ሥላሴ አሁን በርጩማው ላይ እንደተቀመጠች እንባዋ ወረደ። ማንም ዝም በይ አላላትም።

ያን ያየ ሰው ላላየ ነገረ። ከቁሐር ወደ አጎራባች ቀበሌዎች፣ ከዚያም ወረታ ገበያ ደረሰ። በየካቲት አንድ ሰኞ ጠዋት አመተ ሥላሴ ስትወጣ አጥሩ በር ላይ ስድስት ሴቶች ቆመው አገኘች። ፊት የቆመችው ሸዋነሽ ናት።

“አትቆጪን አመተ” አለች ሸዋነሽ መሬት መሬቱን እያየች። “ያን ቀን ጮኼ ዱላ ያስመጣሁበት እኔ ነበርኩ። ግን ሴት ነንና ፈራን። አንዴ ያሽትተን።”

አመተ ሥላሴ ወደ ባሏ አየች። መሪጌታ ደብተራቸውን ዘጉ። በሩን ከፈተችላቸው።

ሸዋነሽ መጀመሪያ ገባችና ከውሻው ፊት ተንበረከከች። መከታ አንድ ጊዜ አሸተታት፤ ዓይኑን መልሶ ከደነ።

“ተመስገን” አለች ሸዋነሽ። “የለብኝም።”

ሌሎቹ አራቱም በተራ ተንበረከኩ፤ አራቱንም እንዲሁ አሳለፋቸው። የመጨረሻዋ ጥሩብርሃን የምትባል ከወንዙ ማዶ የመጣች ሴት ናት። ከገባች ጀምሮ ቀኝ እጇ ከነጠላዋ ሥር አልወጣም። ስትንበረከክም አላወጣችውም። መከታ በዚያን ሰዓት እንቅልፍ ጥሎት ነበር። ቢጠሩት ጆሮውን አነቃነቀ እንጂ አልተነሣም። ጥሩብርሃን ጥቂት ጠበቀች፤ ከዚያ ፊቷ ፈካ።

“እኔንም ዝም አለኝ። እግዚአብሔር ይስጥሽ እህቴ” ብላ ልትወጣ ተነሣች።

አመተ ሥላሴ ነጠላዋ ሥር የተደበቀውን እጅ አየች። ከዚያ የተኛውን ውሻ አየች። በአሥራ ሦስት ዓመቱ አንድ ጊዜ ነው የተናገረው። ለምን ለሷ እንደተናገረ አታውቅም፤ ሐኪሞቹም አያውቁም። ለሌላ ሰው ይናገር አይናገር ማንም አያውቅም። ይህን ያህል ትልቅ ነገር ፊት ቆማ፣ ከዚህ በላይ ልትጠይቀው ድፍረት አጣች።

“ጥሩብርሃን፣ ቆዪ። እጅሽን ከምን ላይ ነው ያደረግሽው?”

የሴትየዋ ፈገግታ ጠፋ።

“ምንም አይደለም። አያመኝም።”

“እኔንም አላመመኝም ነበር።”

“ውሻው ዝም አለኝ እኮ።”

“እንቅልፍ ወስዶት ነው ዝም ያለሽ። ነቅቶ ቢሆንስ? እኔንም ወረታ ነው የላከኝ። ያገኘችው ሲስተር ብርክቲ ናት፣ በጣቷ።” ወደ ሌሎቹ ዞረች። “ለእናንተም ነው የምናገረው። ሸዋነሽ፣ ለአንቺም። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ጤና ጣቢያው ክፍት ነው።”

“እኔን አሽትቶኛል” አለች ሸዋነሽ።

“አሽትቶሻል። እንሂድ።”

መሪጌታ ከተቀመጡበት ተነሡ።

“ቁስልሽ ገና ነው እኮ አመተ።”

“በባጃጅ ነው፣ መሪጌታ። እስከ አስፋልቱ ብቻ ነው በእግሬ።”

መከታ ተኝቷል፤ ጎኑ በቀስታ ከፍ ዝቅ ይላል። አመተ ሥላሴ ነጠላዋን በአንድ እጇ አጣፍታ ስልኳን ከጉያዋ አወጣችና ቁሐርን ከወረታ የሚያመላልሰው ሾፌር ጋ ደወለች። እየተነጋገረች ሴቶቹን በዓይኗ ቆጠረች።

“አንድ አይበቃንም” አለችው። “ሁለት ባጃጅ ይምጣልን።”